የወንድ ልብስ ከሸማ ስሰራ ጭፈራውም ሽመናውም ያስተማሩኝ

ሚዜዎቹ አራት ነበሩ። ሰርጉ እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ቂጦ ድንኳን ተጥሎ ነው፣ አራቱም እኔ ከሸማ የሰፋሁላቸውን እጀ ጠባብና ሱሪ ለብሰው ሲገቡ ሰዉ እልል አለ፣ እኔም ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ደስ ብሎኛል። ከዛ የጉራጌ ዘፈን ተከፈተ። የጉራጌ ጭፈራን ታውቁታላችሁ፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ እግር ይወረወራል፣ ወገብ ዝቅ ብሎ ይነሳል፣ ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ የአንዱ ሚዜ ሱሪ ከኋላ ተከፈተ። ልብ በሉ፣ ስፌቱ አልተበጠሰም። ስፌቱ ደህና ነው፣ ጨርቁ ነው ከስፌቱ ጎን ክሩ እየተንሸራተተ የተበተነው። ልጁ ወገቡ ላይ ጋቢ ታስሮለት ወጣ። ማታ ደውሎ "ችግር የለም ወንድሜ ያጋጥማል" አለኝ፣ እሱ ደሞ ይበልጥ ከበደኝ።

ይሄ ከሆነ ሶስት አመት አለፈው። ከዛ ወዲህ ብዙ ጨርቅ አበላሽቻለሁ ብዙም ተምሬያለሁ፣ አሁን አሁን ሱቅ ድረስ እየመጡ "ከሸማ የወንድ ልብስ መስራት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር" የሚሉኝ ልጆች ስለበዙ የማውቀውን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የሴት የሀበሻ ቀሚስ የሚሰራ ሞልቷል፣ ሙያውም የዳበረ ነው። የወንዱ ግን ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ሸሚዝ ላይ የታተመ ጥለት መለጠፍ ነው የሆነው፣ ላብ አይመጥም፣ አያስተነፍስም፣ ጅማ ደሞ ሙቀቱም እርጥበቱም አንድ ላይ የሚመጣበት ከተማ ነው። ለአንድ በአል ይለበስና ይጣላል። እኔ የምፈልገው አስር አመት የሚለበስ፣ ሲያረጅ ደሞ መሬት ውስጥ ቢቀበር አፈር የሚሆን ልብስ ነው።

መጀመሪያ ስህተቴ ምን ነበር መሰላችሁ፣ ከሰልባጅ የተገዛ ጂንስ ፈትቼ ፓተርኑን አውጥቼ ሸማው ላይ አስቀምጬ ቆረጥኩት። ጂንስ እኮ በማሽን ተጠቅጥቆ የተሰራ ጨርቅ ነው። ሸማ በእጅ የሚመታ፣ ክሩ ላላ ያለ፣ ለስላሳ ነው። በጂንስ ልክ ሲጠብ የሚጎትተው ሀይል ሁሉ ስፌቱ ጋ ይጠራቀምና ክሩ ይሸሻል።

የተቀደደውን ሱሪ ይዤ ሸማኔው ጋ ሄድኩ። ሰውየው ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው ነው የመጡት፣ ጅማ ብዙ አመት ኖረዋል፣ የሽመና እቃቸው ያለው ህርማታ ወገን አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ነው፣ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው ነው የሚሰሩት። ሱሪውን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፣ የተበተነውን ቦታ በሁለት ጣታቸው ይዘው ለቀቅ ጠበቅ አደረጉት፣ ከዛ "ጋቢ ለምንድነው የማይቀደደው?" አሉኝ። ዝም አልኩ። "ጋቢ አራት ነው። ኩታ ሁለት ነው። ነጠላ ስሙ ራሱ ነጠላ ነው። አንተ ልጅ ነጠላ ቆርጠህ ሱሪ አልክ።"

እውነቴን ነው የምላችሁ ጋቢ አራት ድርብ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፣ እናቴ ስታጥፈው አይቻለሁ፣ ግን ለስፌት የሚሆን እውቀት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። አሁን ሱሪ ስሰራ ከወገብ እስከ ጭኑ አጋማሽ ከኋላ በኩል ድርብ ነው፣ ጉልበቱም ላይ እንደዛው። ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደሞ አራቱ ስፌቶች አንድ ነጥብ ላይ እንዳይገናኙ መሀሉ ላይ እንደ አልማዝ ቅርጽ ያለች ቁራጭ ጨርቅ አስገባለሁ። የድሮ ተነፋነፍ ሱሪ አይታችሁ ከሆነ ከላይ ሰፊ ነው ከጉልበት በታች ጠባብ፣ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ልብስ ነው። ይሄ አገር ደሞ የፈረስ አገር ነው፣ አባ ጅፋር የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው። ከዛ ሱሪ የወሰድኩት መልኩን አይደለም፣ ስፋቱ የተቀመጠበትን ቦታ ነው።

ጭፈራው ጋ ስመጣ፣ "ከባህል ጭፈራ የተነሳ ዲዛይን" ሲባል እኔም እንደብዙ ሰው የሚጨፍር ሰው ስእል ደረት ላይ መጥለፍ፣ ወይ የጭፈራ ቡድን የሚለብሰውን ማሳጠር ይመስለኝ ነበር። አሁን የማምነው ሌላ ነው። ጭፈራ መግባት ያለበት አቆራረጡ ውስጥ ነው። የት ቦታ ሰውነት እንደሚከፈት፣ የት እንደሚታጠፍ፣ ላብ የት እንደሚወርድ ጭፈራ ያሳያችኋል፣ እሱን ጨርቁ ላይ ካልመለሳችሁት ስእሉ ምንም አይሰራም።

እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ። ኪነት ቡድን ውስጥ የሚሰራ ጎረቤት አለኝ። ሸማ ከመቁረጤ በፊት ሙሉ ልብሱን ከአቡጀዲ እሰፋለሁ፣ ርካሽ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሁሉን ነገር ያሳያል። ልጁ ይለብሰዋል፣ ስልክ ላይ ዘፈን እንከፍታለን፣ እስክስታ አስር ደቂቃ፣ ረገዳ አስር ደቂቃ፣ ጉራጌ፣ ወላይታ፣ ሁሉንም። ጅማ ሰርግ ላይ እኮ የሁሉም ዘፈን ነው የሚከፈተው፣ ስለዚ አንድ ልብስ ሁሉንም መቻል አለበት። እሱ ሲጨፍር እኔ ጠመኔ ይዤ ቆሜ አያለሁ፣ ሲያቆም ደሞ የጎተተበት ቦታ ሁሉ ላይ አሰምራለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሲያወልቀው ጠመኔው በሙሉ ብብቱና በሁለቱ ትከሻ አጥንት መሀል ነበር፣ ደረቱ ላይ አንድም መስመር የለም። እኔ ደሞ ዲዛይን ስሰራ የማስበው ስለ ደረቱ ብቻ ነበር።

ከዛ ያወቅኩት ነገር ትንሽ ግራ ያጋባል። እጁን እንደልቡ እንዲያነሳ ብዬ ብብቱን ዝቅ አድርጌ ሰፊ አደርገው ነበር። ተቃራኒው ነው! ብብቱ ዝቅ ባለ ቁጥር እጅ ሲነሳ ሸሚዙ በሙሉ አብሮ ይነሳል፣ ሆድ ይገለጣል። ብብቱ ከፍ ብሎ ወደ ሰውነት ሲጠጋና ከስሩ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማእዘን ቁራጭ በማእዘኑ ዞሮ ሲገባ እጅ ብቻውን ይነሳል፣ ሸሚዙ ባለበት ይቀራል። ለእስክስታው ደሞ ጀርባ ላይ ከትከሻው ስር ሁለት እጥፋት ትቼ ትከሻው ወደፊት ሲመታ እጥፋቱ ይከፈታል፣ ሲመለስ ይዘጋል። ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጨርቁ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል፣ በጣም ነው ደስ የሚለው። አንድ የዳውሮ ልጅ ደሞ ድንካ የሚነፉ አጎቶቹን አስቦ፣ ያን ረጅም መሳሪያ ከፍ አድርጎ ይዞ ብዙ ደቂቃ ለሚቆም ሰውም ይሄ ብብት ይሆናል አለኝ፣ እሱን ገና አልሞከርኩም ግን ልክ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ሽመናው። ሸማኔ ሳትቀርቡ ይሄን ስራ አትጀምሩ። ገበያ የተዘጋጀ ሸማ ገዝታችሁ ስትቆርጡ ጨርቁ ላይ ብዙ ብጣሽ ይተርፋል፣ ዳሩም ከተቆረጠ በኋላ ይተረተራል። እኔ ግን እጅ ላይ ያለውን ነገር ነው የተጠቀምኩት፣ ሸማኔው መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ስለሚቀበል የጨርቁ ስፋት የእጁ ልክ ነው፣ ከዛ በላይ ሰፊ መሆን አይችልም፣ ጠባብ መሆን ግን ይችላል። ስለዚ "ጋሼ ስፋቱን በሸሚዙ ልክ ይስሩልኝ" አልኳቸው። 62 ሳንቲ ሜትር ተሸምኖ ታጥቦ ሲሰበሰብ 57 አካባቢ ይሆናል፣ ያ ማለት የፊቱ አንድ ስፋት፣ የጀርባው አንድ ስፋት፣ ጎኑ የሚሰፋው ዳር ከዳር ነው፣ ዳር ደሞ አይተረተርም፣ ዳሩን የሚይዘው የኦቨርሎክ ማሽን ስፌት አያስፈልግም። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20፣ ሲታጠብ 2 ሜትር ከ95 ገደማ። ፊትና ጀርባ 75 75፣ እጅጌ ሁለት ጊዜ 58፣ የሚተርፈው ወደ 29 ሳንቲ ሜትር ላንገቱ፣ ለኪሱና ለብብቱ ቁራጭ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ እፍኝ የማይሞላ ብጣሽ ነው የሚቀረው፣ እሱንም ትራስ ውስጥ እከተዋለሁ።

በነገራችን ላይ በክንድ አትነጋገሩ። የሳቸው ክንድና የኔ ክንድ አንድ አይደለም፣ በዛ ምክንያት ሁለት ጨርቅ አጥሮብኛል። እኔ እንጨት ቆርጬ ሰጥቻቸዋለሁ፣ አንዱ የስፋቱ፣ አንዱ የ1 ሜትር፣ እቃቸው ላይ ሰቅለውታል።

የመሰብሰቡን ነገር ደሞ ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ሸማ መጀመሪያ ሲታጠብ የኔ በ100 ውስጥ 8 ያህል ነው የሚቀንሰው፣ አንዳንዱ ከዛ ይበልጣል። ሳይቆረጥ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ይዘፈዘፍ፣ ድሩ፣ ማለት በቁመት የሚወጠረው ክር፣ እንዳይበጠስ የተቀባው የዱቄት ነገር ታጥቦ ይውጣ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዛ ነው መቀስ የሚነካው። ጅማ ላይ ክረምት ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ስለሚዘንብ ማድረቅ ራሱ ትልቅ ስራ ነው፣ ያ ዱቄት ሳይወጣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጨርቅ ሻጋታ ያወጣል፣ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ይሆንና አይለቅም። እኔ በዚህ ስድስት ሸሚዝ የሚሆን ጨርቅ አጥቻለሁ።

ክሩን በተመለከተ ድሩ የፋብሪካ ጥጥ ነው፣ ማጉ፣ በአግድም የሚገባው ክር፣ በእጅ የተፈተለ። ሁሉም በእጅ ይሁን የሚሉ አሉ፣ ያምራል፣ ግን ለድር የሚሆን ጠንካራ ፈትል የሚፈትሉ እናቶች እየቀነሱ ነው፣ ጊዜውም ብዙ ነው። ለሱሪ ሲሆን ድሩም ማጉም ድርብ ክር ይሁን፣ "ጠበቅ አድርገው ይምቱት" በሉ፣ ከዛ ናሙናውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ስፌቱ ጎን ጎትቱት። ክሩ ከሸሸ ሱሪ አይሆንም፣ ሻርፕ አድርጉት።

ጥለቱ! መጀመሪያ ላይ ከነጠላ ላይ ጥለት ቆርጬ ቁልፍ የሚቆለፍበት ላይ ወደታች እሰፋው ነበር። ሲታጠብ ሸማው ይሰበሰባል፣ የሚያብለጨልጨው የጥለት ክር ግን ጥጥ ስላልሆነ አብሮት አይሰበሰብም፣ ደረቱ ላይ እንደ አኮርዲዮን ይጨማደዳል። ሶስት ከስተመር መለሰልኝ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ጥለት የሚሸመነው በማግ በኩል ነው፣ የጨርቁ ጫፍና ጫፍ ላይ። ታድያ ጫፉ ላይ ይቅር! እጅጌዎቹን ከሁለቱ የጨርቁ ጫፎች ብቆርጥ ጥለቱ ሳይቆረጥ ሳይለጠፍ አምባር እንደሚታሰርበት አንጓ ላይ ይመጣል። ሰውየው ሲጨፍር እጁ ከፍ ሲል መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። የጥለቱም ክር አሁን የተነከረ ጥጥ ነው፣ አያብለጨልጭም፣ ግን ከሸማው ጋር አብሮ ያረጃል።

የጋሞና የወላይታ ዱንጉዛ፣ ቀይ ቢጫ ጥቁር መስመር ያለው፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እሰራለሁ፣ ግን ለገዢው የማን እንደሆነ ሳልነግር አልሸጥም። "የሀበሻ ዲዛይን" ብላችሁ አትለፉት፣ ባለቤት ያለው ነገር ነው።

ወደ ቀለሙ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጅማ ስለሆንኩ መጀመሪያ የሞከርኩት ቡና ነው፣ አተላውን ከየቤቱ ሰብስቤ ቀቅዬ ነከርኩበት፣ የሚያምር ፈዛዛ ቡኒ ወጣ፣ ስሙም ደስ ይላል "በጅማ ቡና የተነከረ"፣ ግን በአምስተኛው እጥበት የለም። ሀቁ ይሄ ነው። ከዛ እርድ። ከቴፒ ወገን የሚመጣ ጥሩ እርድ ገበያ ላይ አለ፣ ቢጫው አይን ይስባል፣ አስራ ሁለት ሸሚዝ ሰራሁ። አንዱን የገዛ ልጅ እናቱ በደረቅ ሳሙና ሲያጥቡት ኮሌታውና ብብቱ ደም የነካው ይመስል ቀላ። እናትየው ደንግጠው ራሳቸው ይዘውት መጡ፣ "ልጄ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" እያሉ። እሳቸው አላበላሹትም፣ እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ ባህሪው ነው፣ እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ። ሎሚ ጨምቄ ውሃ ውስጥ ስነክረው አይናቸው እያየ ወደ ቢጫ ተመለሰ። ግን በየእጥበቱ ሎሚ የሚፈልግ ልብስ ማን ይለብሳል? ጸሀይም ሲመታው በሳምንታት ውስጥ ነጣ። የሁሉንም ገንዘባቸውን መለስኩ።

አሁን የምጠቀመው የአቮካዶ ፍሬ ነው። ጅማ አቮካዶ ሞልቷል፣ ጁስ ቤቶች ፍሬውን በከረጢት ይጥሉታል፣ እኔ ባልዲ ሰጥቻቸው በየሁለት ቀኑ እሰበስባለሁ። ታጥቦ ይከተከታል፣ የጨርቁን ክብደት ያህል ፍሬ፣ ብረት ድስት ሳይሆን ወጥ የማይሰራበት ትልቅ የማይዝግ ድስት ውስጥ በቀስታ አንድ ሰአት፣ አይንተክተክ፣ ዝም ብሎ ይሙቅ። ውሃው መጀመሪያ ቢጫ ነው፣ ከዛ ብርቱካን፣ ከዛ ቀስ እያለ የደረቀ ጽጌረዳ የሚመስል ቀይ ይሆናል። ጨርቁ እርጥብ ሆኖ ይገባና ሌሊቱን እዛው ያድራል። ጠዋት ሲወጣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቡኒ ነው። "ወንድ ሮዝ አይለብስም" ካሏችሁ ደሞ መፍትሄ አለው፣ የዛገ ሚስማር አቼቶ ውስጥ ሳምንት አስቀምጡ፣ ከሱ ውሃ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ሰፊ ሳፋ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ የተነከረውን ጨርቅ ብታልፉበት አይናችሁ እያየ ወደ ግራጫ ይጠቁራል፣ ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ ቀለም ነው፣ በብዛት የሚሸጠው እሱ ሆኗል። ብረቱ ከበዛ ግን ጥጡን ይበላዋል፣ ከአመት በኋላ በጣት ሲነካ ይቀደዳል፣ ስለዚ ይሄን ጠቆር ይበል ብላችሁ አትጨምሩ። ለእጥበት እንዶድ ላገኘ እንዶድ፣ ላላገኘ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ በረኪና በፍጹም።

ገንዘቡን ባጭሩ ልበል። ሸማኔውን የምከፍለው በጨርቅ ሳይሆን በቀን ነው፣ ምክንያቱም በጨርቅ ስከፍል "ጠበቅ አድርገው ይምቱት" ማለቴ ከኪሳቸው መውሰድ ነበር፣ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ጊዜ ይፈጃላ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፣ ሸማኔ የሚሰደብበት አገር ስለነበር ነው። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፣ ክፍያው ላይ ግን ንቀቱ አለ፣ ዲዛይነሩ ፎቶ ይነሳል ሸማኔው በጨርቅ ቁጥር ይከፈለዋል። እኔ እያንዳንዱ ሸሚዝ ውስጥ የሸመነውን ሰው ስም የተጻፈበት ጨርቅ እሰፋለሁ፣ ሳይፈቅዱ ግን አይሆንም፣ ጠይቋቸው። ልብሱ ውድ ይሆናል፣ አዎ ከታተመው ፖሊስተር እጥፍ በላይ ነው፣ እኔም ለዚህ ነው ለሚገዛኝ ሰው ጥገናውን በነጻ የማደርገው፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ያመጣዋል፣ ድርቡን ቀይሬ እመልስለታለሁ።

ቁልፍ የበሬ ቀንድ ይሻላል፣ የዋንዛ እንጨትም ያምራል ግን ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይሰነጠቃል።

እስካሁን ያልተፈታልኝ ኮሌታው ነው። ቀጥ ብሎ እንዲቆም በካውያ የሚለጠፈው ማጠንከሪያ ፕላስቲክነት አለው፣ እሱን ካስገባሁ ሸሚዙ ሲያረጅ አፈር አይሆንም፣ ካላስገባሁ ደሞ በሶስተኛው እጥበት ይተኛል። አቡጀዲ ሶስት ድርብ አድርጌ በቅርብ በቅርብ ሰፍቼበት ሞከርኩ፣ ቆመ ግን አንገት ይቆርጣል፣ ጎረቤቴ እስክስታ ሲመታ አንገቱ ቀልቶ ነው ያወለቀው። አሁን ጋሼ ለኮሌታ ብቻ የሚሆን ጠባብ ጨርቅ፣ ማጉ ባለሶስት ክር፣ እቃቸው ላይ ጀምረውልኛል፣ ሀሙስ ይቆረጣል። ከናንተ መሀል ያለ ማጠንከሪያ የሚቆም ኮሌታ የሰራ ካለ ክሩ ስንት ድርብ እንደሆነ ይንገረኝ።